ከመፍረሱ በፊት አንዴ እንግባበት

ይድረስ ለጅማ ከተማ ነዋሪዎች፣ ለአሮጌ ቤት ባለቤቶችና ወራሾች፣ እንዲሁም የማፍረሻ ወረቀት ላይ ለምትፈርሙ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች

እንደምን ከረማችሁ።

አናጺ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ጅማ ነው። ሙያውን የተማርኩት ከአባቴ ነው። በር፣ መስኮት፣ አልጋ፣ በርጩማ እሠራለሁ። ከዚህ ጎን ለጎን ለብዙ ዓመታት የኖርኩበት ሌላ ሥራም አለኝ። አሮጌ ቤት ሲፈርስ እንጨቱን እገዛለሁ። ባለቤቱ ይጠራኛል፤ ቤቱን ዞሬ አያለሁ፤ ዋጋ እናገራለሁ። ከተስማማን ልጆች ይዤ እሄድና አፈርሳለሁ። የድሮው ዋንዛና ጽድ ዛሬ ገበያ ላይ አይገኝም፤ ስለዚህ ሥራው ያዋጣል። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ የምጽፈው ነገር ከየት እንደመጣ እንድታውቁልኝ ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ወራሽ ደወለልኝ። ሂርማታ ሰፈር ውስጥ፣ ከገበያው ብዙም ሳይርቅ፣ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ አሮጌ ፎቅና ምድር ቤት አለ። ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ተደርጎበታል። ምልክቱ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። «እንጨቱን ገምትልኝ፣ በቅርቡ ይፈርሳል» አለኝ። መሰላልና ባትሪ ይዤ ሄድኩ። ሦስት ሰዓት ያህል ውስጥ ቆየሁ። ስወጣ ዋጋ መናገር አቃተኝ። «ወንድሜ፣ ትንሽ ቀን ስጠኝ» አልኩት። ደግ ሰው ነው፣ እሺ አለኝ።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በዚያች በተሰጠችኝ ትንሽ ቀን ነው።

የቤቱን ትክክለኛ ቦታ እዚህ አልጽፍም። ቤተሰቡ የራሱ ጣጣ አለበት። ያየሁትን ግን ልንገራችሁ።

ፊት ለፊት፣ ወደ መንገዱ፣ አምስት ጠባብ በሮች ተደርድረዋል። እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ሳንቃ አላቸው። መኖሪያ ቤት እንደዚህ በር አይደረድርም። ይህ የሱቅ በር ነው። ጠዋት አምስቱም ሲከፈቱ ምድር ቤቱ እንዳለ ለመንገዱ ክፍት ይሆናል። ከአምስቱ ሦስቱ በኋላ ዘመን በጭቃ ተደፍነው መስኮት ሆነዋል፤ መቃኖቹ ግን አሁንም ከልስኑ ሥር አሉ። በጣቴ አንኳክቼ ለይቻቸዋለሁ።

ውስጥ ስገባ ወለሉ ከመሬት ከፍ ብሎ በጣውላ ተሠርቷል። ከላይ መሃል ላይ ካለው ትልቅ አግዳሚ እንጨት አንድ ወፍራም የብረት ማንጠልጠያ ወርዷል። ለመብራት ነው እንዳልል የመብራት ማንጠልጠያ እንደዚያ አይወፍርም። እኔ የሚዛን ነው እላለሁ። ጅማ ውስጥ የቡና ነጋዴ ዛሬም የሚያወራው በፈረሱላ ነው፤ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ከማንጠልጠያው በታች ያለው ጣውላ ከሌላው በጣም አልቋል። እዚያ ቦታ ላይ ብቻ ጎድጎድ ብሏል። ጆንያ ሲወርድበትና ሲጎተትበት የኖረ ወለል እንደዚያ ይሆናል። ከጀርባ ያለው ክፍል መስኮት የለውም፤ ለአየር ብቻ ከላይ ቀዳዳዎች ተትተውለታል። ሰው ሊኖርበት የተሠራ አይመስለኝም። መጋዘን ይመስላል።

ወደ ፎቁ የሚያወጣው ደረጃ ከውጭ ነው። ጣውላዎቹን በባትሪ አስጠግቼ አየኋቸው። በማሽን የተሰነጠቀ ጣውላ ላይ የመጋዙ አሻራ እኩል እኩል ነው። በእጅ የተሰነጠቀው፣ ማለትም አንድ ሰው ከላይ አንድ ሰው ከታች ሆነው የሰነጠቁት፣ አሻራው አንዴ ሰፋ አንዴ ጠበብ ይላል። ሰዎቹ ሲደክሙ፣ ሲያርፉ፣ እንደገና ሲጀምሩ እንጨቱ ላይ ይታያል። የዚህ ቤት ጣውላ በሙሉ የእጅ ነው። ትልልቆቹ እንጨቶች የተያያዙትም በብረት ምስማር ሳይሆን በእንጨት ምስማር ነው። ልስኑ በወደቀበት በኩል ማገሩን አየሁት፤ ባሕር ዛፍ የለበትም። ሁሉም የጫካ እንጨት ነው።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ አለብኝ። እነዚህ ሁሉ ፍንጮች ናቸው እንጂ ማስረጃ አይደሉም። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በምኒልክ ዘመን ነው። ስለዚህ ባሕር ዛፍ የሌለበት ቤት አሮጌ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ጅማ ደን በደን ነበረች፤ ሰው በቅርብ ጫካ እያለለት ባሕር ዛፍ የሚፈልግበት ምክንያት ላይኖረው ይችላል። በእጅ የተሰነጠቀ ጣውላም ማሽን ከመጣ በኋላ ብዙ ዓመት ተሠርቶበታል። ቆርቆሮው ደግሞ ምንም አይነግረኝም፤ በቅርብ ጊዜ የተቀየረ ነው። ማጠፊያዎቹና ምስማሮቹ ለሚያውቅ ሰው ብዙ ይናገራሉ። ከውጭ የመጣ ዕቃ ዘመን አለው። ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከዚያም ቢሆን መንገድ እስኪሠራ ድረስ ዕቃ ጅማ የሚደርሰው በበቅሎ ጀርባ ነበር። አንድ ቤት ላይ ስንት ብረት እንዳለ ማየት ብቻ ስለ ዘመኑና ስለ ባለቤቱ አቅም የሆነ ነገር ይነግራል። እኔ ግን የታሪክ ሰው አይደለሁም። እንጨት ነው የማውቀው።

ጎረቤቶችን ጠየቅኩ። አንድ ሐጂ «በአባ ጅፋር ዘመን የነጋዴ ቤት ነበር» አሉኝ። ማዶ ቡና የሚሸጡ እትዬ ደግሞ «የህንዶች ሱቅ ነበር ሲባል ነው የሰማሁት» አሉ። አንድ የባጃጅ ሹፌር «ጣሊያን ነው የሠራው» ብሎ ተከራከረኝ። አንድ ቤት፣ ሦስት ታሪክ። ሦስቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዱ ሠርቶት፣ ሌላው ገዝቶት፣ ሌላው ወርሶት ሊሆን ይችላል። ሦስቱም ስህተት ሊሆኑም ይችላሉ።

ስለ አፍ ታሪክ ስናወራ የሐረሩን የራምቦ ቤት አስታውሱ። ቱሪስቱ ሁሉ የሚሄድበት፣ በፈረንሳዊው ገጣሚ ስም የሚጠራ ውብ ፎቅ ነው። ራምቦ የሞተው በ1884 ዓ.ም. ነው። አሁን ያለው ቤት የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያሠራውም ህንዳዊ ነጋዴ ነው። ስሙ ከቤቱ ጋር አይገጥምም። ሆኖም ቤቱ ትልቅ ቤት ነው። በጣውላ ሥራው፣ በመስታወቱ፣ የሐረርን የንግድ ዘመን በመናገሩ ትልቅ ነው። ቤት የሚለካው በተለጠፈበት ስም ብቻ ቢሆን ኖሮ እውነተኛው ታሪክ ሲወጣ ያ ቤት ዋጋ ያጣ ነበር። ስለዚህ «የማን ቤት ነበር?» ብቻ ብለን አንጠይቅ። ቤቱ ራሱ ምንድን ነው? ለምን እንዲህ ተሠራ? እዚህ ከተማ ውስጥ ምን ይሠራበት ነበር?

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። ይህን ሁሉ የሚያስጽፈኝ አንድ ሌላ ቤት ነው።

ብዙ ዓመት ሆኖታል። አባቴ በሕይወት ነበር። አንድ ሰፊ አሮጌ ቤት ለማፍረስ ተዋዋልን። ወረቀቱ ሁሉ ተሟልቷል፤ ፊርማና ማኅተም አለው። የፈረመው አካል ቤቱን ከውጭ እንኳ መጥቶ አላየውም። ጣሪያውን አነሳን፤ ወራጁን አወረድን። ዋናውን አግዳሚ ስናወርድ ከላይኛው ጎኑ ላይ፣ ከታች ሆኖ በማይታይበት በኩል፣ በስለት የተቀረጸ ጽሑፍ አየን። የዐረብኛ ፊደል ነው። ከክንድ የሚረዝም መስመር ነበር። አባቴ በእጁ ጠረገው። «ይሄን የሚያነብ ሰው ጥሩ» አለኝ። ያኔ ካሜራ ያለው ስልክ አልነበረኝም። ወደ መስጊድ ሄጄ አንድ ሼህ ለመንኩ። «ከዙህር በኋላ እመጣለሁ» አሉኝ። ስመለስ አግዳሚው የለም። ኮንትራክተሩ «መንገድ ዘጋብኝ» ብሎ ለሁለት አስቆርጦ ለአንድ ዳቦ ቤት ሸጦታል። ሮጬ ዳቦ ቤቱ ደረስኩ። አንደኛው ቁራጭ ገብቶ እየነደደ ነበር። የሁለተኛው ጽሑፍ ግማሹ በመጥረቢያ ተልጧል። ሼሁ መጡ፤ ቀሪዋን አገላብጠው አዩ። «ስም ነው መሰለኝ። ዓመተ ሂጅራም ነበረበት፤ ግን ተቆርጧል» አሉኝ።

ዓመተ ሂጅራ ነበረበት። የቤቱ ልደት ተጽፎ ነበር ማለት ነው። በጅማ ስንት ቤት ነው የተሠራበት ዓመት በራሱ እንጨት ላይ የተጻፈበት? አላውቅም፤ ማንም አያውቅም። ምክንያቱም ማንም ወጥቶ አላየም። አባቴ እስኪሞት ድረስ ያችን አግዳሚ ያነሳት ነበር። እኔም እስካሁን ሕንጻ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የማየው አግዳሚውን ነው።

ያንን ቤት ማንም በክፋት አላፈረሰውም። ባለቤቱ አዲስ ቤት ፈልጎ ነው። ፈራሚው ፋይል ነው ያየው። ኮንትራክተሩ ቀን እየቆጠረ ነበር። እኛም እንጨት ልንሸጥ ነው የገባነው። ሁላችንም የየራሳችንን ሥራ ነበር የምንሠራው። ቤቱን የማየት ሥራ ግን የማንም አልነበረም።

ከብዙ ቤት ማፍረስ በኋላ የተረዳሁት አንድ ነገር አለ። ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን አንድ አድርገን እየጠየቅን ነው። አንደኛው «ቤቱ ይወድቃል ወይ?» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ቤቱ ምን ያውቃል?» የሚለው ነው። አንድ ባለሙያ ይላካል፤ ግድግዳው መሰንጠቁን ያያል፤ ምሰሶው ዘመም ማለቱን ያያል፤ «ለአደጋ የተጋለጠ» ብሎ ይጽፋል። በዚያው የታሪኩም ጥያቄ እንደተመለሰ ይቆጠራል። አልተመለሰም። ሊወድቅ የደረሰ ቤት ታሪካዊ ሊሆን ይችላል። ጥርት ያለ ጠንካራ ቤት ደግሞ ምንም የተለየ ነገር ላይኖረው ይችላል። ሁለቱ ጥያቄዎች በሁለት ወረቀት፣ በሁለት ዓይነት ባለሙያ መታየት አለባቸው።

ስለ መጀመሪያውም ጥያቄ ቢሆን እንደ አናጺ አንድ ነገር ልበል። ጅማ ዝናብ አይለያትም። የጭቃ ቤት የሚጎዳው ከላይ ጣሪያው ሲያፈስ፣ ከታች ደግሞ ነጠብጣቡ ከመሬት እየተረጨ ግድግዳውን ሲያረጥበው ነው። ብዙ ጊዜ የሚበሰብሰው የምሰሶው እግር ብቻ ነው፤ ከመሬት እስከ ጉልበት ያለው። ምስጥም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ከላይ ያለው እንጨት ግን እንደ ብረት ጠንክሮ ይገኛል። ቢላ ወጋ አድርጉበት፤ ካልገባ ጤነኛ ነው። የበሰበሰውን እግር ቆርጦ ሌላ እንጨት መቀጠል አባቶቻችን የሚያውቁት ሥራ ነው፤ እኔም እሠራዋለሁ። ያዘነበለ ቤት ሁሉ እየወደቀ አይደለም። አንዳንዱ የዛሬ ሃምሳ ዓመት አዘንብሎ እዚያው ቆሟል። ሂርማታ ያለው ቤት ከአሥራ አራት ምሰሶዎቹ አምስቱ እግራቸው ተበልቷል። ዘጠኙ ጤነኛ ናቸው።

ያረጀ ሁሉ ቅርስ ነው እያልኩ አይደለም። ይህን በግልጽ ልናገር፤ አለበለዚያ ማንም አይሰማኝም። ካፈረስኳቸው ቤቶች አብዛኞቹን ዛሬም ቢሆን አፈርሳቸዋለሁ። ሰው ጣሪያው በሚያፈስ ቤት ውስጥ ልጅ ማሳደግ የለበትም። ከተማም ማደግ አለባት። የተሻለ መንገድ፣ የተሻለ ፍሳሽ፣ የእግረኛ ቦታ እኔም እፈልጋለሁ። የአዌቱ ወንዝ ዳር ጸድቶ ልጆች ሲሮጡበት ባይ ደስ ይለኛል። ጥያቄዬ አፍርሱ ወይም አታፍርሱ አይደለም። ሳትገቡበት አትፍረዱበት ነው።

ስንገባበትስ ምን እናያለን? ከዕድሜው ቀጥሎ እኔ የማየው ከመጀመሪያው ምን ያህሉ እንደቀረ ነው። በሩ፣ ወለሉ፣ ደረጃው፣ ክፍፍሉ። ከውጭ አዲስ ቀለም የተቀባ ቤት ውስጡ ያልተነካ ሊሆን ይችላል። በተለይ በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶች ከተወረሱ በኋላ አንድ ቤት ለአራትና ለአምስት አባወራ ተከፋፍሎ ኖሯል። ክፍሉ በኮምፖንሳቶ ተጋርዷል፤ በሩ ተደፍኗል፤ በረንዳው ወጥ ቤት ሆኗል። ከውጭ የሚያይ ሰው «ይሄማ ጎስቋላ የቀበሌ ቤት ነው» ብሎ ያልፋል። ኮምፖንሳቶው ሲነሳ ግን የድሮው ቤት እንዳለ ከውስጥ ይወጣል። ስንት ጊዜ ገጥሞኛል! የቀበሌ ቤት መሆኑ ራሱም የታሪኩ ክፍል ነው። እዚያ ቤት ውስጥ ተወልደው ያደጉ ሰዎች ዛሬ ሃምሳ ዓመት እየሞላቸው ነው፤ የትኛው በር የት እንደነበረ ያስታውሳሉ። እነሱን ሳትጠይቁ የሄዳችሁበት ጥናት ጎደሎ ነው።

ከዚያ ደግሞ ብዛቱ አለ። እንደዚህ ያለ ቤት ሌላ አለ ወይ? በልጅነቴ ሂርማታ ላይ እንዲህ ያሉ ባለ ሰገነት የነጋዴ ቤቶች በየመንገዱ ነበሩ። አንዱ ቢፈርስ ሌላው አለ። ዛሬ በእግሬ ዞሬ ልቆጥራቸው ብሞክር የሁለት እጄ ጣቶች የሚበቁኝ ይመስለኛል። ግን ይህ የእኔ ግምት ነው። ከተማዋ የተቆጠረ ዝርዝር ያስፈልጋታል። ዝርዝር ከሌለ አንድ ቤት የመጨረሻው ይሁን የሃምሳኛው በምን እናውቃለን?

ጅማ ላይ ቅርስ ሲባል ሁሉም ሰው ወደ ጅሬን ኮረብታ ነው የሚያየው። ልክ ነው። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ኩራታችን ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1870 ዓ.ም. ጀምረው ከሃምሳ ዓመት በላይ ነግሠዋል። ለምኒልክ ገብረው አገራቸውን ከጦርነት አትርፈዋል። ግን ያ ቤተ መንግሥት ከሰማይ አልወረደም። ያቆመው ንግድ ነው። ከታች ሂርማታ ላይ ገበያው ነበር፤ ሲራራ ነጋዴው ከየአቅጣጫው የሚወርድበት። ከላይ ያለውን ቤተ መንግሥት አድሰን ከታች ያለውን የነጋዴ ቤት ካፈረስን፣ ልጆቻችን ንጉሡ በምን ይተዳደሩ እንደነበር በዓይናቸው የሚያዩት ነገር አይኖርም።

ደግሞ ታሪክ ሲባል የሚያስደስተው ብቻ አይደለም። ሂርማታ ላይ የሚሸጠው ቡናና ዝባድ ብቻ አልነበረም። ሰውም ይሸጥ ነበር። ይህን ሽማግሌዎች ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የሚናገሩት። የትኛው ግቢ ውስጥ፣ የትኛው መጋዘን ውስጥ እነዚያ ሰዎች እንዳደሩ ዛሬ የሚያሳይ ምልክት የለም። መስኮት የሌለው ያ የጀርባ ክፍል ውስጥ ቆሜ ይህ ሐሳብ መጣብኝ። ቡና ብቻ ነበር ብዬ ባምን ደስ ይለኝ ነበር። ግን አላውቅም። የሚያጠና ሰው ገብቶ ካላየው ማንም አያውቅም።

ጣሊያን የሠራቸው ቤቶችም ላይ ተመሳሳይ ክርክር አለ። ፈረንጅ አራዳ ላይ ያሉት። «የወራሪ ቤት ምን ያደርግልናል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጅማን ደቡብ ምዕራቡን የሚገዛባት ዋና ከተማ አድርጓት ነበር። መንገዱን ያሰመረው፣ የፈረንጁንና የአገሬውን ሰፈር የለየው እሱ ነው። ቤቱን ማየት ማለት ወራሪውን ማወደስ አይደለም። አሥመራ ያንኑ ዘመን የሚያሳዩ ሕንጻዎቿን ጠብቃ በ2009 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት አስመዝግባለች። በዚህ ላይ ከዚህ በላይ አልልም፤ የእኔ ነገር የእንጨት ቤቱ ነው።

አሁን ስለ ባለቤቶች። በዚህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚረሱት እነሱ ናቸው። ሂርማታ ያለው ቤት ሰባት ወራሾች አሉት። አንዷ እህታቸው ታማለች፤ ገንዘብ ያስፈልጋታል። ቦታው ውድ ነው፤ ቤቱ ግን ኪራይ እንኳ በቅጡ አያመጣም። ነገ አንድ ሰው መጥቶ «ቤታችሁ ቅርስ ነው፣ እንዳትነኩት» ብሏቸው ቢሄድ፣ እንዳይሸጡትም እንዳያድሱትም አስሮ ዘወር ቢል፣ ያ ግፍ ነው። እንዲህ ሲሆን ሰው ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ። ማታ ማታ ቆርቆሮ ያነሳል። ዝናቡ ሥራውን ይሠራለታል። በሁለት ክረምት «ራሱ ወደቀ» ይባላል።

ሕጉ እኮ ይህን አላሰበም ማለት አይደለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግለሰብ እጅ ሊሆን እንደሚችል ይቀበላል። ባለቤቱ ላይ የመጠበቅ ግዴታ ይጥላል፤ ጥገናው ከአቅም በላይ ሲሆን ደግሞ መንግሥት ሊያግዝ እንደሚችል ያነሳል። በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 839/2006 ቅርሶችን በአገር አቀፍና በክልል ደረጃ ይመድባል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 91 የታሪክ ቦታዎችንና ቅርሶችን መጠበቅ የመንግሥትም የዜጎችም ግዴታ ነው ይላል። ችግሩ ያለው ከዚህ በፊት ነው። በተግባር ጥበቃ የሚያገኘው ስሙ መዝገብ ላይ የሰፈረው ነው። ገና ማንም ያላየው፣ ያልተመዘገበው፣ ከኮምፖንሳቶ ጀርባ የተደበቀው ቤት የሚናገርለት የለም። ቀይ ቀለሙ ከመዝጋቢው ቀድሞ ይደርሳል።

ስለዚህ የምለምነው ይህን ነው።

የማፍረሻ ወረቀት ከመፈረሙ በፊት፣ ዕድሜው ጠና ላለ ቤት ሁሉ፣ ሰው ይላክበት። አንድ ሰው ብቻ አይደለም። ታሪክ የሚያውቅ፣ ሕንጻ የሚያውቅ፣ እንጨት የሚያውቅ፣ ከሰፈሩም አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት እናት። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ታሪክና ቅርስ አስተዳደር የሚማሩ ልጆች አሉ፤ ምህንድስና የሚማሩም አሉ። ቤቱን ለክቶ ንድፉን መሥራት ለእነሱ ትልቅ ትምህርት ነው። አብዛኛው ቤት በአንድ ቀን ታይቶ ያልቃል። «አይተነዋል፣ የተለየ ነገር የለውም፣ ይፍረስ» ተብሎ ይጻፋል። ጥሩ። ባለቤቱም ያርፋል። አጠራጣሪው ቤት ግን አሥራ አምስት ቀን ይሰጠው። ወራሾች ጋ ያለው የድሮ ካርታ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የኪራይ ውል፣ የሠርግ ፎቶ ይታይ። የሠርግ ፎቶን አትናቁት። ከሙሽሮቹ ጀርባ ያለው በር ስንት ጊዜ ዘመን ነግሮኛል። በጣሊያን ጊዜ ከአውሮፕላን የተነሱ የአገራችን ፎቶግራፎች አዲስ አበባ ተቀምጠዋል፤ የእኛ ከተማ ካለበት ቤቱ ያኔ ቆሞ እንደነበር ወይም እንዳልነበር በአንድ እይታ ይለያል።

ውሳኔው ደግሞ ምክንያቱ ይጻፍ። «ቅርስ ነው» ወይም «ቅርስ አይደለም» ብቻ ተብሎ አይበቃም። ለምን? በምን ተለክቶ? የተጻፈ ምክንያት ካለ ባለቤቱም ሊከራከር ይችላል፤ እኛም ልንማርበት እንችላለን።

በመሃል ያለውን መንገድም አትርሱ። ምርጫው መጠበቅ ወይም መደምሰስ ብቻ አይደለም። የፊቱን ሱቅ አስቀርቶ ከጀርባ ፎቅ መሥራት ይቻላል። የሂርማታው ግቢ ወደ ኋላ ጥልቅ ነው፤ ለዚህ ይመቻል። እነዚያ አምስት በሮች ተከፍተው ምድር ቤቱ እንደገና የቡና ሱቅ ቢሆን ወራሾቹ ከባዶ ቦታ የተሻለ ኪራይ ሊያገኙበት ይችላሉ። መፍረሱ የግድ ከሆነም በጥንቃቄ ይፈታ። እያንዳንዱ ክፍል ይለካ፤ ፎቶ ይነሳ፤ እንጨቱ ሲወርድ የሚያውቅ ሰው ይቁም። ከተማችን ሙዚየም አላት። አንድ በር፣ አንድ ማንጠልጠያ፣ ያ ያለቀ ጣውላ እዚያ ቢገባ ቦታ አያጣብብም።

እናንተ የእኔ ባልደረቦች፣ እንጨት የምትገዙና ቤት የምታፈርሱ፣ ለእናንተም አንድ ነገር አለኝ። መጀመሪያ የምናየው እኛ ነን። ልስኑ ሲወድቅ፣ አግዳሚው ሲወርድ አጠገቡ ያለነው እኛ ነን። ዛሬ ሁላችንም ካሜራ ያለው ስልክ አለን። ጽሑፍ፣ ሥዕል፣ ያልተለመደ ነገር ስታዩ ቁሙ። ፎቶ አንሱ። ሰው ጥሩ። ኮንትራክተሩ ቢቆጣ ይቆጣ።

እኔ በሂርማታው ቤት ላይ ዋጋ አልሰጠሁም። ሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል፤ መብቱ ነው። ወራሹ ግን እስከሚቀጥለው ሐሙስ ድረስ ማንንም እንደማያስገባ ቃሉን ሰጥቶኛል። ከዚያ በላይ መጠበቅ አይችልም። የእህታቸው ሕክምና አለ።

ስለዚህ የምትመለከቱት ኃላፊዎች፣ የምታስተምሩ መምህራን፣ የምታስታውሱ አባቶችና እናቶች፣ ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሂርማታ ገበያው ዳር ባለችው መሥሪያዬ በር ላይ ቆሜ እጠብቃችኋለሁ። ወራሹ ቁልፉን ይዞ ይመጣል። ሁለት መሰላል፣ ሦስት ባትሪና ሜትር አዘጋጅቻለሁ። ዐረብኛ የሚያነብ አንድ ሰው ከመካከላችሁ ቢኖር በጣም ደስ ይለኛል። ዋናውን አግዳሚ ከላይ በኩል እስካሁን አላየሁትም። ኮርኒስ ሸፍኖታል። አንድ ሳንቃ ብናነሳ ይታያል፤ ወራሹም ፈቅዷል።

ከአክብሮት ጋር፣

አንድ የጅማ አናጺ